ኪው ያለ ዩም ይጻፋል፦ ስለ ቃላት ፍለጋ ዓምዳችሁ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነኝ። በጋዜጣችሁ የሚወጣውን የቃላት ፍለጋ ዓምድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ጥያቄዎቹንም በየጊዜው በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከተማሪዎቼ ጋር ተወያይቼባቸዋለሁ። ዓምዱን የምወደው በመሆኑ በቅርቡ የታተመውን አንድ መልስ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ጥያቄው «ኪው የሚለውን ፊደል የያዘ፣ ከኪው ቀጥሎ ግን ዩ የሌለበት የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጉ» የሚል ነበር። በተከታዩ እትም የወጣው መልስ ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል እንደሌለ፣ በእንግሊዝኛ ኪው ከዩ ተለይቶ እንደማይጻፍ፣ ጥያቄውም የቀረበው አንባቢው ይህን ሕግ ማወቁን ለመፈተን እንደሆነ ይገልጻል። መልሱ ስህተት ነው። በእኔ ክፍል ውስጥ ያስከተለውን ልናገር። አንዲት ተማሪ ሁለት ቀን ሙሉ አስባ «ኒቃብ» የሚለውን ቃል አግኝታ በደብተሯ ጽፋው ነበር፤ አጻጻፉም ኤን፣ አይ፣ ኪው፣ ኤ፣ ቢ ነው። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ደብተሯን ስመለከት ቃሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። የሰረዘችው ራሷ ናት። ትክክለኛውን መልስ ያገኘች ልጅ የታተመ ጽሑፍ አምና የራሷን ዕውቀት ሰረዘች፤ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ለአንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። በዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛን ፊደላት በየስማቸው እየጠራሁ፣ ቃላቱንም በእኛው ፊደል እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ የፊደሎቹን ስም የተከተለ ሰው ቃሉን በወረቀት ላይ ሊያሰፍረው ይችላል።

ኪው ያለ ዩ የሚጻፍባቸው ቃላት ጥቂት ይሁኑ እንጂ አሉ። በታወቁት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከኒቃብ ሌላ ቡርቃ፣ ፋቂር እና ቃዲ የሚሉት ከዓረብኛ የገቡ ቃላት ይገኛሉ፤ የጫት ተክል ስምም በሦስት ፊደላት፣ በኪው፣ በኤ እና በቲ ይጻፋል። ከዕብራይስጥ ደግሞ ቆፍ የሚባለው የፊደል ስም ገብቷል፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሰቅል ብለን የምናውቀው ገንዘብም በእንግሊዝኛ አንዳንዴ በኬ፣ አንዳንዴም በኪው ይጻፋል። ከቻይንኛ የመጣውና የሕይወትን ኃይል የሚያመለክተው «ቺ» የሚለው ቃል ሁለት ፊደላት ብቻ አሉት፤ ኪው እና አይ። ኢራቅንና ኳታርን የመሰሉት የአገር ስሞች እንደ ተጸውዖ ስም በጨዋታ ባይቆጠሩም አጻጻፋቸው የዚሁ ወገን ነው።

ከዝርዝሩ ይልቅ ምክንያቱ ይበልጥ ይጠቅማል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዛሬ ንግሥት የሚል ትርጉም ያለው ኩዊን እና ፈጣን የሚል ትርጉም ያለው ኩዊክ በኪው አይጻፉም ነበር፤ ሲ ይቀድምና የደብሊውን ድምፅ የሚወክል ሌላ ፊደል ይከተለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በላቲንና በፈረንሳይኛ የአጻጻፍ ልማድ ያደጉ ጸሐፍት ያንኑ ድምፅ ኪውንና ዩን አጣምረው ይጽፉት ጀመር፤ ልማዱም ጸና። እንግዲህ «ኪው ከዩ አይለይም» የሚለው ሕግ የእነዚያ ጸሐፍት እጅ የተወው ነው። ከዘመናት በኋላ የዓረብኛና የዕብራይስጥ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ ጸሐፍቱ ከጉሮሮ በላይ ለሚወጣው ለዚያ ድምፅ ኪውን ብቻውን መረጡ፤ የዓረብኛው ቃፍ፣ የዕብራይስጡ ቆፍና የእኛው ቀ አንድ ቤተሰብ ናቸውና፣ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። ተማሪዬን «ኒቃብን እንዴት አሰብሽው?» ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስም ይህን ያስረዳል። «ቀ የሚል ድምፅ ያለበት፣ እንግሊዞች ከሌላ ሰው የተዋሱት ቃል የትኛው ነው ብዬ ነው የፈለግኩት» አለችኝ። ማንም ያላስተማራትን የታሪክ መንገድ በራሷ አግኝታዋለች።

ክቡር አዘጋጅ፣ ዋናው ቅሬታዬም ከዚህ ይነሣል። ዓምዱ ለዓመታት መልስ ሲሰጥ መልሱን ብቻ ይሰጣል፤ መልሱ የተገኘበትን መንገድ አያሳይም። መንገዱ ቢታተም ኖሮ የኪው ስህተት ገና ከመታተሙ በፊት ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱን ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና። የተወሰኑ ፊደላትን የያዙ ቃላትን መፈለግ ብዙ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ያስተማረኝ ይህ ፍለጋ እንደሆነ በእርግጠኝነት እመሰክራለሁ።

የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻውን አይኖርም፤ ጎረቤት አለው፣ የሚወደውና የማይወደው ቦታም አለው። ቃል ፈላጊ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይህ ፊደል የት መቀመጥ ይወዳል? ከማን ጋር?» ብሎ ነው። ኤክስን እንውሰድ። ብዙ ተማሪ ኤክስ ያለበት ቃል አምጣ ሲባል በኤክስ የሚጀምር ቃል ሲፈልግ ይደክማል፤ በዚያ ቦታ ያሉት ግን በአብዛኛው እንደ ዛይሎፎን እና ዜኖን ከግሪክኛ የመጡ፣ ሲነበቡም የዜድን ድምፅ የሚሰጡ ጥቂት ቃላት ናቸው። ፊደሉን ወደ መጨረሻ ብንወስደው ግን ቦክስ፣ ፎክስ፣ ሲክስ፣ ታክስ፣ ሚክስ እያሉ ይጎርፋሉ። ከፊቱ ኢን ብናስቀምጥለት ደግሞ ኤግዛም፣ ኤግዚት፣ ኤክስትራ፣ ኤክስፖርት እያለ ሙሉ ገጽ ይሞላል። አንድ ፊደል ብቻ ጨምረን ነው ከድርቅ ወደ ጎርፍ የተሻገርነው።

ጄ ከዚህ ይለያል። ጄ በእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ አይቆምም ማለት ይቻላል፤ ሐጅና ራጅን የመሳሰሉት ከሌላ ቋንቋ የገቡ ናቸው። ታዲያ ያ ድምፅ በቃል መጨረሻ ሲመጣ በምን ይጻፋል? ዳኛ ማለት የሆነውን ጀጅ የሚለውን ቃል በቀስታ እንመልከተው። ጆሯችን ሁለት ጊዜ «ጅ» ይሰማል፤ የመጀመሪያው በጄ ይጻፋል፣ የኋለኛው ግን በዲ፣ በጂና በኢ፣ በሦስት ፊደላት። አንድ ድምፅ በአንድ ቃል ውስጥ እንደ ቦታው ሁለት ልብስ ለበሰ ማለት ነው። ይህን ቃል በሰሌዳ ላይ በሁለት ቀለም ጠመኔ ጽፌ ካሳየሁ በኋላ ብሪጅን በጄ የሚጨርስ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ቪም እንዲሁ ነው፤ ሀቭ፣ ጊቭ፣ ለቭ የሚሉት ሁሉ ከቪ በኋላ የማይነበብ ኢ ተጨምሮላቸዋል። ለዚህም ታሪክ አለው፤ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዩ እና ቪ የአንድ ፊደል ሁለት ቅርጾች ነበሩና፣ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው ኢ ከፊቷ ያለው ፊደል ተነባቢ እንጂ አናባቢ እንዳልሆነ ለአንባቢ ትጠቁም ነበር። አይና ጄም በዚያው ዘመን አልተለያዩም ነበር።

አሁን ደግሞ በክፍሌ ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ፣ አምስቱም አናባቢ ፊደላት የሌሉበትን ቃል እንዲፈልጉ ለተማሪዎቼ ጥያቄ ሰጠሁ። አንድ ልጅ ወዲያው ስካይን፣ ፍላይን፣ ድራይን፣ ትራይን ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ቆመ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ወረቀቱን ሲመለከት ቆየ፤ የጻፋቸው ሁሉ በዋይ የሚያልቁ መሆናቸውን ግን አላስተዋለም ነበር። አጠገቡ ሄጄ «ዋይን ከመጨረሻ አንሥተህ መካከል ላይ አስቀምጠው» አልኩት። ጥቂት ቆይቶ «ጂም» ብሎ ጻፈ፤ ጂ፣ ዋይ፣ ኤም። ከዚያ ሚዝ፣ ቀጥሎ ክሪፕት፣ ከዚያ ሊንክስ መጣ። በመጨረሻ ሪዝም የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ጻፈው፤ አር፣ ኤች፣ ዋይ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኤም። ስድስት ፊደላት፣ ሁለት ኤች፣ አንድም የተለመደ አናባቢ የለም። ይህን ቃል የተማረ ሰው ሁሉ ሲጽፈው ሲሳሳት አያለሁ፤ ያ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ፈልጎ ያገኛቸው እርሱ ነውና። መካከል ላይ ዋይ ያለባቸው እንዲህ ያሉ ቃላት አብዛኞቹ የግሪክኛ ዝርያ መሆናቸውን የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ነገሩ ከአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ፍለጋ የተለየ ጥቅም አለው የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም። የለመድነው ፊደል ባመዛኙ የተጻፈውን ያነብባል፣ የተነበበውንም ይጽፋል፤ ስለዚህ ቃል ፈልጉ ስንባል በጆሯችን ነው የምንፈልገው። እንግሊዝኛ ግን ጆሮን ብዙ ጊዜ ያታልላል። ቢ ያለበት ቃል አምጡ ቢባል ቡክና ቤቢ ወዲያው ይመጣሉ፤ ዕዳ ማለት የሆነው ዴት ግን ቢ እንዳለበት ጆሮ ሊነግረን አይችልም። ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ ቲ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ቃል ከፈረንሳይኛ ሲወሰድ ቢ አልነበረበትም፤ ኋላ ላይ የላቲን ምንጩን ለማስታወስ የፈለጉ ምሁራን አስገቡት፣ አፍ ግን አልተቀበለውም። ጥርጣሬ ማለት የሆነው ዳውትም የዚሁ ታሪክ ተካፋይ ነው። ደሴት ማለት በሆነው አይላንድ ውስጥ ያለው ኤስ ደግሞ በስህተት የገባ ነው፤ ጥንታዊው የእንግሊዝኛ ቃል ኤስ አልነበረውም፣ ከላቲን ምንጭ የመጣ ሌላ ተመሳሳይ ቃል አጠገቡ ስለነበረ ተወራረሱ። «የማይሰማ ቢ ያለባቸውን ቃላት ፈልጉ» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ፣ ላምብን፣ ክላይምብን፣ ተምብን፣ ኮምብን በአንድ ላይ ሰብስቦ፣ ከኤም በኋላ በቃል መጨረሻ የሚመጣ ቢ ድምፁን እንደሚያጣ ያለ መምህር ያስተምራል።

የፊደላትን ብዛት ማወቅም ከፍለጋው አይለይም፤ በዚህ ላይ የደከሙት ሰዎች ሥራም ሊነገር የሚገባው ነው። ቴሌግራፍ ሲሠራ ሞርስና ረዳቱ አልፍሬድ ቬይል ለእያንዳንዱ ፊደል ምልክት ሲመድቡ፣ በማተሚያ ቤት ለየፊደሉ የተዘጋጁትን የብረት ፊደላት ብዛት መነሻ አደረጉ፤ አታሚ ከሁሉ አብዝቶ የሚያስቀምጠው ከሁሉ አብዝቶ የሚጠቀምበትን ነውና። በዚህ ምክንያት ኢ አንዲት ነጥብ፣ ቲ አንድ ሰረዝ ሆኑ፤ በዓለም አቀፉ የሞርስ ምልክት ኪው ግን ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ነጥብ፣ እንደገና አንድ ሰረዝ ይፈልጋል። በተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከመቶ ፊደላት 12 ያህሉ ኢ ናቸው፤ ኪው ግን ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ኋላ ስክራብል የተባለውን፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ ሲፈጥር ይህንኑ ለማወቅ የጋዜጣ ገጾችን ዘርግቶ ፊደል ቆጠረ። ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ ኢ፣ አንዱ ብቻ ኪው ነው፤ ኢ አንድ ነጥብ ሲያስገኝ ኪው ደግሞ 10 ያስገኛል። የኤስ ጠጠሮች አራት ብቻ የሆኑት፣ ኤስን እየጨመሩ ማንኛውንም ስም ወደ ብዙ ቁጥር መለወጥ ጨዋታውን እጅግ ቀላል እንዳያደርገው ታስቦ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለ ኢ ምን ያህል እንደሚቸገር ለማየት የፈለገ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመ አንድ ልብ ወለድ አለለት፤ አሜሪካዊው ደራሲ የጽሕፈት መኪናውን የኢ መምቻ አስሮ ከ50,000 በላይ ቃላት ያለ አንዲት ኢ ጽፏል። ከሁሉ ያስቸገረው የኃላፊ ጊዜ ግሥ ነበር፤ አብዛኛው የእንግሊዝኛ ግሥ በኢና በዲ ነው የሚያልፈው።

ስለ ኮምፒውተር አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። ዛሬ ማንም ሰው ፊደላትን በስልኩ ላይ አስገብቶ፣ እነዚያን የያዙ ቃላትን ሁሉ በቅጽበት ማግኘት ይችላል። አንድ ጊዜ ለተማሪዎቼ ዜድ ያለባቸውን ሃያ ቃላት እንዲያመጡ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። በማግሥቱ የሰበሰብኳቸው ወረቀቶች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ቃላቱ በፊደል ተራ ተደርድረዋል፣ ሁለት ወረቀቶች ላይ እንዲያውም የግልባጩ ስህተት ሳይቀር አንድ ነበር። በዝርዝሩ ሦስተኛ የነበረውን ቃል ትርጉም ስጠይቅ ከክፍሉ አንድም እጅ አልተነሣም። በልጆቹ አልተቆጣሁም፤ ጥያቄው የእኔ ነበር፣ የጠየቅኩትም ዝርዝር ብቻ ነበርና ዝርዝር ሰጡኝ።

ፊደልን ከትርጉም ለይቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚቻል የኒውዚላንዱ ናይጄል ሪቻርድስ አሳይቷል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የቃላቱን ዝርዝር በቃሉ አጥንቶ ነበር። የማስታወስ ችሎታው እጅግ ያስደንቀኛል። ይሁን እንጂ እርሱ የመጣው ለውድድር ነው፤ የጋዜጣችሁ አንባቢ ግን ቃሉን ፈልጎ የሚያገኘው ነገ ሊጽፍበትና ሊናገርበት ነው፣ ስለዚህ ያለ ትርጉም የተገኘ ቃል ለእርሱ ገና አልተገኘም።

በመሣሪያው መጠቀምን አልቃወምም። አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው ከእርሱ ብዙ ይማራል፤ በብዙዎቹ መፈለጊያዎች የጥያቄ ምልክት አንድ ያልታወቀ ፊደልን፣ የኮከብ ምልክት ደግሞ ማንኛውንም ያህል ፊደላት ይወክላል፤ ስለዚህ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ቦታውን መጠየቅ ይቻላል። የተበታተኑ ፊደላትን ገጣጥሞ ቃል የማውጣቱ ስልት ደግሞ ያለ ኮምፒውተርም በወረቀት ይሠራል። ሊስን የሚለውን፣ ማዳመጥ ማለት የሆነውን ቃል ውሰዱና ፊደሎቹን በፊደል ተራ ደርድሯቸው፤ ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናሉ። ዝምተኛ ማለት የሆነውን ሳይለንትንም እንዲሁ ደርድሩ፤ ያው ተራ ይመጣል። መመዝገብ ማለት የሆነው ኢንሊስትም ከዚያው ይወጣል። መሣሪያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በመዝገበ ቃላቱ ያለውን እያንዳንዱን ቃል አስቀድሞ እንዲህ ደርድሮ ያስቀምጥና ተራው አንድ የሆነውን ሁሉ በአንድ ላይ ያወጣል። በቃል መጨረሻ መፈለግም አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃላትን ከመጨረሻ ፊደላቸው ተነሥቶ ደርድሯል፣ ግጥም ጸሐፊዎችም ቤት መምቻ የሚያገኙት ከዚያ ነበር። ተማሪ ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ከሠራው፣ በኋላ ስልኩ የሚሰጠውን ዝርዝር የሚያነበው እንዴት እንደተገኘ እያወቀ ነው።

እንዲህ ያለው የቃል ጨዋታ ከጋዜጣ ጋር የቆየ ዝምድና እንዳለው እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሞላው የቃላት ሰንጠረዥ መጀመሪያ የወጣው በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ነው፤ በሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ታተመ። ጋዜጣ የሰጠውን መልስ አንባቢ እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቀበለው ከዚህ የቆየ አመኔታ የተነሣ ይመስለኛል፤ የእኔም ተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ያነሣችው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አስቀድሞ፣ የኪው መልስ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ቦታ እንዲታረም፤ በሌላ ገጽ ጥግ ላይ የሚወጣ ማረሚያ ጥያቄውን የሠሩት ሰዎች ዓይን አይገባም። ቀጥሎም ዓምዱ የሚዳኝበትን መዝገበ ቃላት በስሙ እንዲያሳውቅ። ቃል የሚባለው እንደ መዝገቡ ይለያያል፤ ለእንግሊዝኛ ስክራብል ውድድር የሚያገለግለው የኮሊንስ ዝርዝር ከ270,000 በላይ ቃላት ሲይዝ፣ በተማሪ ቦርሳ የሚገኘው መዝገበ ቃላት ከእነዚህ አብዛኞቹን አይዝም። ዎርድል የተባለውን፣ ባለ 5 ፊደል ቃል የሚገመትበትን ጨዋታ የሠራው ጆሽ ዋርድል ይህን ችግር ቀድሞ አይቶታል፤ ከ12,000 ገደማ ባለ 5 ፊደል ቃላት ውስጥ፣ ሰው የሚያውቃቸው 2,500 ያህሉ ብቻ ተለይተው ለመልስነት እንዲቀመጡ አድርጓል። ድንበሩ ከታወቀ «እንዲህ ያለ ቃል የለም» የሚለው አነጋገርም «በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም» ወደሚለው ይታረማል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር የተገኘበት መንገድ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ነው። ቦታ እንደሚጠብባችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምን ያህል እንደሚፈጅ ለማሳየት፣ ለቀጣዩ እትም የሚሆን አንድ ጥያቄ ከነመልሱ አቀርባለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ቁጥሮችን ከአንድ ጀምረን በእንግሊዝኛ በፊደል ብንጽፍ፣ ኤ የሚለውን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገኘው በየትኛው ቁጥር ላይ ነው?

መልሱ፦ በ1,000 ላይ፣ ታውዘንድ በሚለው ቃል ውስጥ ነው። መንገዱም፦ ከ1 እስከ 999 ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚሠሩት ከ28 ቃላት ብቻ ነው። ከዋን እስከ ናይንቲን 19፣ ከትዌንቲ እስከ ናይንቲ 8፣ በመጨረሻም ሀንድረድ የሚለው አንድ ቃል አለ። እነዚህን 28 ቃላት መርምሮ ኤ የሌለባቸው መሆኑን ያየ ሰው 999ኙን ሁሉ መርምሯል ማለት ነው። ይህ ግን የሚሠራው ከሀንድረድ ቀጥሎ «ኤንድ» የሚለውን አያያዥ ሳያስገቡ በአሜሪካውያን ልማድ ለሚጽፉ ነው፤ በብሪታንያውያን ልማድ ከተጻፈ ግን ኤ ቀደም ብሎ በ101 ላይ ይገኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዓምዱ የዘወትር አንባቢ የሆነ የእንግሊዝኛ መምህር